የአእምሮ ሕመምና ሥራ፦ ታማሚውን ወደ ማሳውና ወደ መሥሪያ ቤቱ መመለስ

የአእምሮ ሕመም የደረሰበት ሰው ከቤተሰቡም ከጎረቤቱም ደጋግሞ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «መጀመሪያ ይሻልህ፣ ሥራው በኋላ ይደርሳል» ይባላል። ምክሩ ከርኅራኄ የሚመነጭ ቢሆንም የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ታማሚው ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ከቤት ይውላል፤ መሬቱ በሌላ ሰው እጅ ይታረሳል፤ በመሥሪያ ቤት የነበረው ቦታ በሌላ ይያዛል። ሕመሙ ጋብ ሲልለት ደግሞ የሚመለስበት ሥራ ያጣል።

በአገራችንም ሆነ በውጭ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ሥራ የሕክምናው አንድ ክፍል መሆኑን ነው። በአግባቡ የተመረጠና ድጋፍ ያልተለየው ሥራ ታማሚውን ያበረታዋል፤ ከሰው ይቀላቅለዋል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድም አቅም ይሰጠዋል። ይህ ጽሑፍ ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ አሠሪና ታማሚው ራሱ ለዚህ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያብራራል።

ሕመሞቹና በሥራ ላይ የሚያሳድሩት ጫና

የአእምሮ ሕመም የብዙ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ነው። በብዛት የሚታዩት ድባቴና ጭንቀት ናቸው። ድባቴ ያለበት ሰው ማልዶ መነሣት ይከብደዋል፤ ትናንት የሚወደው ሥራ ዛሬ ትርጉም ያጣበታል፤ ከውጭ ለሚያየው ግን «ሰነፍ» ይመስላል። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ሊሰማ፣ ያለ ምክንያት ሰዎችን ሊጠረጥር፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ሊሳነው ይችላል። ባይፖላር የተባለው ሕመም ያለበት ደግሞ አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ከልክ በላይ ይንቀሳቀሳል፣ ገንዘብ ይበትናል፤ ሌላ ሰሞን በድባቴ ይወድቃል። በሁለቱ መካከል ግን እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ሠርቶ የሚያድርበት ረጅም ጊዜ ሊኖረው ይችላል።

የችግሩ ስፋት ከሚታሰበው በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ የዓለም ሰዎች 15 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። በድባቴና በጭንቀት ምክንያት ብቻ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን ያህል የሥራ ቀናት እንደሚባክኑም ድርጅቱ ይገልጻል። በአገራችን በቡታጅራና በዙሪያዋ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ባዳረሰው ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ከ1 ሺህ ጎልማሶች በ5ቱ ገደማ ላይ ተገኝቷል። ይህም 2 ሺህ ጎልማሶች በሚኖሩበት ቀበሌ 10 ያህል ሰዎች ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ በየዕድሩና በየማኅበሩ የሚታወቅ ሰው ጉዳይ ነው።

ሥራ ሲቋረጥ የሚከተለው አዙሪት

የገጠር ቤተሰብ ከሠራተኞቹ አንዱ በአእምሮ ሕመም ከሥራ ሲወጣ የሚያጣው የአንድ ሰው ጉልበት ብቻ አይደለም። የሚያስታምመውም ሰው አብሮ ከሥራ ይወጣል። ለሕክምናና ለትራንስፖርት በግ ወይም በሬ ይሸጣል፤ በሬ ሲሸጥ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፤ ለእኩል የተሰጠ መሬት የሚያስገባው ደግሞ ግማሹን ነው። በቡታጅራና በአካባቢው የተደረገ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሚገኝባቸው ቤቶች ከፍተኛ የምግብ እጥረት ከሌሎች ቤቶች በእጥፍ ያህል በልጦ እንደሚታይ አመልክቷል።

ረሃቡ ተመልሶ ሕመሙን ይጎዳዋል። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን በእጅጉ ይጨምራሉ። በቤቱ እህል ያጣ ታማሚ «መድኃኒቱ ያስርበኛል» ብሎ ያቆመዋል፤ ይህም በዚያው በቡታጅራ አካባቢ በተደረገ ጥናት ታማሚዎችና አስታማሚዎች በግልጽ የተናገሩት ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ሕመሙ ያገረሻል፤ ሕመሙ ሲያገረሽ ሥራው ይቋረጣል፤ ሥራው ሲቋረጥ ቤቱ ይራባል። በዚሁ አካባቢ ለዓመታት ክትትል የተደረገላቸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ መታወቁ ጉዳዩ የኑሮ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም መሆኑን ያሳያል።

ይህ አዙሪት የሚቆረጥበት ቦታ ሁለት ነው፤ አንዱ ሕክምና፣ ሌላው ሥራ። አንዱ ያለ ሌላው ረጅም መንገድ አይወስድም።

የሶዶ ወረዳ ተሞክሮ

በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ምርምር ለገጠር አካባቢ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በ48 ቀበሌዎች የሚኖሩና ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 166 ሰዎች በምርምሩ ተሳትፈዋል። ሁሉም በአቅራቢያቸው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሕክምና የማግኘት ዕድል ነበራቸው። በግማሾቹ ቀበሌዎች ለሚገኙት ግን ተጨማሪ ድጋፍ ተሰጠ። የአምስት ሳምንት ሥልጠና የወሰዱ፣ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያልሆኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ለአንድ ዓመት ያህል ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚውንና ቤተሰቡን ረዱ።

ሥራቸው ቀላል የሚመስል ነገር ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ስለ ሕመሙ ያስረዳሉ፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ይመክራሉ፤ ታማሚው ገላውን ከመታጠብ ጀምሮ ወደ ቤት ሥራ፣ ከዚያም ወደ ገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲመለስ ደረጃ በደረጃ ያግዙታል። ከሃይማኖት አባቶች፣ ከዕድሮችና ከቀበሌ መሪዎች ጋርም ይነጋገራሉ። ከዓመት በኋላ ድጋፉን ያገኙት ታማሚዎች ሕክምና ብቻ ከቀረበላቸው ይልቅ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን የማከናወን አቅማቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይወሰዳል። አንደኛው፣ ታማሚን ወደ ሥራ ለመመለስ የግድ ትልቅ ሆስፒታል አጠገብ መኖር አያስፈልግም፤ በቂ ሥልጠና ያለው የመንደር ሰው ብዙ ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛው፣ መድኃኒት ሕመሙን ቢያስታግስም ሰውን ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመልሰው በዙሪያው ያለው ሰው ነው።

«መጀመሪያ ሥራ፣ ሥልጠናው በሥራ ላይ»

በሌሎች አገሮች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የነበረው መንገድ ታማሚውን ለብቻው በተዘጋጀ ማዕከል ማሠልጠንና ዝግጁ ሲሆን ሥራ መፈለግ ነበር። ብዙዎች ግን ሥልጠናው ላይ እንዳሉ ይቀራሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተጀመረው ሌላ አካሄድ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ታማሚው መሥራት እስከፈለገ ድረስ እርሱ የመረጠው ትክክለኛና ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ በፍጥነት ይፈለግለታል፤ ሥልጠናውና ምክሩ ሥራ ላይ ሳለ ይሰጠዋል፤ ድጋፉም ሥራ በመያዙ አይቋረጥም።

በስድስት የአውሮፓ ከተሞች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 312 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ምርምር ሁለቱን መንገዶች አወዳድሯል። በአዲሱ መንገድ ከተረዱት 55 በመቶው ሥራ አግኝተው ሲሠሩ በቀድሞው መንገድ ከተረዱት የሠሩት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሥራ ያበዛባቸዋል፣ ያሳምማቸዋል ተብሎ የተፈራውም አልደረሰም፤ እንዲያውም ሆስፒታል ተመልሰው የተኙት ከአዲሱ መንገድ ተጠቃሚዎች ያነሱ ነበሩ።

በእኛ ገጠር ሥራ ማለት ማስታወቂያ ተመልክቶ የሚወዳደሩበት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ሥራ የቤተሰብ ማሳ ነው። መርሖዎቹ ግን ይሠራሉ፦ የታማሚውን ምርጫ ማክበር፣ ሳይዘገዩ መጀመር፣ ከጀመረም በኋላ አለመለየት።

በገበሬ ቤት እንዴት ይጀመራል?

የግብርና ሥራ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ወደ ትንንሽ ሥራዎች ሊከፋፈል ይችላል። ስለዚህ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ይቻላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቤት ብዙ የማያርቅ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚሠራና ውጤቱ ቶሎ የሚታይ ሥራ ይመረጣል። ዶሮ መመገብ፣ ጥጃ ማሰርና መፍታት፣ የጓሮ አትክልት ውኃ ማጠጣት ለዚህ ይመቻሉ። ጎመንና ቆስጣ በጥቂት ሳምንታት ለምግብ ስለሚደርሱ ታማሚው የድካሙን ፍሬ በገበታው ያየዋል። ሥራው «የእርሱ» ተብሎ እንዲታወቅ ማድረግም ይገባል፤ «እስቲ አግዘን» ከማለት «ዶሮዎቹ ያንተ ኃላፊነት ናቸው» ማለት ሰውን ያቆማል።

ሁለተኛው ደረጃ ከሰው ጋር የሚሠራ ሥራ ነው። አረም ማረም፣ ኩትኳቶና አጨዳ በቡድን ስለሚከናወኑ አንድ ሰው ቢደክምና ቢያርፍ ሥራው አይቆምም። ታማሚውን ከደቦና ከወንፈል አለማስቀረት እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። እስከ ቀትር ብቻ ሠርቶ ቢመለስ «ጉልበቱን ቆጠበ» ብሎ ማሽሟጠጥ አይገባም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሦስተኛው ደረጃ ማረስ፣ መዝራት፣ መውቃትና በግ ማድለብን የመሰለ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሊረዳ ይችላል። ዶሮ፣ ዘር ወይም ብድር ሲከፋፈል የታማሚው ስም ከዝርዝሩ እንዳይወጣ መከታተል ከሥራው ውስጥ የሚቆጠር ነው። በልማታዊ ሴፍቲኔት በታቀፉ ወረዳዎችም ቢሆን መሥራት የሚችለው ለአቅሙ የሚስማማ ሥራ፣ ከቶ መሥራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኝ ቤተሰቡ ለቀበሌው ሊያመለክት ይገባል።

ሦስት ጉዳዮች ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካል ነው። በድባቴ የሚሠቃይ ሰው ባለበት ቤት ኬሚካል በጓዳ ወይም በአልጋ ሥር መቀመጥ የለበትም፤ ቁልፍ ባለው ሣጥን ወይም ከቤት ውጭ በሌላ ሰው ኃላፊነት ሊቀመጥ ይገባል። ተስፋ የመቁረጥ ስሜት የሚበረታበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያች ሰዓት መርዙ በእጅ አለመገኘቱ ሕይወት ያተርፋል። በሕመሙ ወቅትም የርጭት ሥራ አይሰጠውም።

ሁለተኛው ጉልበትን መበዝበዝ ነው። ታማሚ በመሆኑ ብቻ ቀኑን ሙሉ አሠርቶ በምግብ ብቻ መሸኘት እርዳታ ሊባል አይችልም። ሌላው ሠራተኛ የሚከፈለውን እርሱም ሊከፈል ይገባል።

ሦስተኛው መሬት ነው። ሕመም የመሬት ይዞታን አያሳጣም። መሬቱ ለጊዜው መከራየት ካለበት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ ጊዜው ተወስኖ፣ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። በቃል ብቻ ለዘመድ የተሰጠ መሬት ታማሚው ሲሻለው የጠብ ምክንያት ይሆናል፤ የሚመለስበትንም ሥራ ያሳጣዋል።

የሴቶች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። የቤት ሥራ «ሥራ» ተብሎ ስለማይቆጠር የታመመች እናት እየጋገረች፣ ውኃ እየቀዳችና ልጅ እያዘለች እረፍት ሳታገኝ ትቀራለች፤ ወይም በተቃራኒው ልጆቿንና ጓዳዋን ተነጥቃ ትቀመጣለች። ሁለቱም ይጎዳሉ። ከባዱን ሥራ ለጊዜው ማካፈል፣ የገበያ ቀኗንና የማኅበሯን ቦታ ግን መጠበቅ የተሻለ ነው።

በከተማ፦ ሱቅ፣ ግንባታና መሥሪያ ቤት

በከተማ ለታማሚ ብዙ ጊዜ «ይቀልልሃል» ተብሎ የሚሰጠው ሥራ የሌሊት ጥበቃ ነው። ይህ አስተዋይነት የጎደለው ምርጫ ነው። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች አንዱ ሲሆን በተለይ ባይፖላር ላለበት ሰው አደገኛ ነው። የቀን ፈረቃ፣ ቋሚ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ በግልጽ የተነገረ የሥራ ድርሻ የተሻሉ ናቸው።

አሠሪው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በግማሽ ቀን ማስጀመር፤ ትእዛዝን አንድ በአንድ፣ ቢቻል በጽሑፍ መስጠት፤ ጫጫታ ከበዛበት ቦታ ማራቅ፤ ለሕክምና ቀጠሮ በወር አንድ ቀን መፍቀድ፤ የሚቀርበውንና የሚያምነውን አንድ የሥራ ባልደረባ መመደብ ይበቃሉ። ስሕተት ሲፈጠር በሰው ፊት መቆጣት ለማንም አይበጅም፤ ለዚህ ሠራተኛ ደግሞ ይበልጥ ይከብደዋል።

ሕመሙን ለአሠሪ መንገር ወይም አለመንገር የሠራተኛው የራሱ ውሳኔ ነው። መንገር ድጋፍ ለመጠየቅና የሕጉን ከለላ ለማግኘት ይረዳል፤ መገለልንም ሊያስከትል ይችላል። መካከለኛው መንገድ የሕመሙን ስም ሳይጠሩ «በየወሩ የሕክምና ቀጠሮ አለኝ፣ ጠዋት ትንሽ ይከብደኛል» ብሎ የሚያስፈልገውን ብቻ መናገር ነው። ቤተሰብ ወይም የጤና ባለሙያ ያለ ታማሚው ፈቃድ ለአሠሪ ሊናገር አይገባም።

መድኃኒትና የሥራ ሰዓት

ብዙዎች ከሥራ የሚወጡት በሕመሙ ብቻ ሳይሆን በመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ጭምር ነው። ጠዋት የሚያንገላጅጅ መድኃኒት ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። ጡንቻ የሚያደርቅ ወይም እጅ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ መጠኑ ሊስተካከል ወይም ተጨማሪ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ እስኪስተካከል ድረስ ግን ማጭድ፣ መጥረቢያና የግንባታ መሰላል መራቅ ይበጃል። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ስለሚጎዳ ባርኔጣ ማድረግና በቀትር ጥላ ሥር ማረፍ አለበት። ውኃ አብዝቶ መጠጣትም ያስፈልገዋል።

በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሚያስቸግረው በየወሩ የሚወጋ መርፌ ሊኖር ይችላል። ቀጠሮውን ከገበያ ቀን ጋር ማገጣጠም የአንድ ቀን ሥራ ያተርፋል። ጠላ፣ አረቄና ጫት ሕመሙን ያባብሳሉ፣ መድኃኒቱንም ያደናቅፋሉ፤ የሥራ ጓደኞች «አንድ ብቻ» እያሉ አለመጋበዛቸው ራሱ እርዳታ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ የሚጾም ከሆነ የሚወስድበትን ሰዓት ከባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ይቻላል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ «ተሻለኝ፣ ሥራም ጀመርኩ» ብሎ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቆም ሥራውን መልሶ ማጣት ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል። በአዋጁ መሠረት አንድ ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ችሎታ እስካሟላ ድረስ በጉዳቱ ምክንያት በቅጥር፣ በዕድገት ወይም በሥልጠና ሊገለል አይችልም። ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ ይሰጠዋል። አሠሪውም የሥራ ሁኔታውን ለሠራተኛው ተስማሚ የማድረግ ግዴታ አለበት። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ እንደሚያገኝ ይደነግጋል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ለዚህም በማግሥቱ ለአሠሪው ማሳወቅና ከታወቀ የጤና ተቋም የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ያስፈልጋል። የአእምሮ ሕመም ከሌላው ሕመም ተለይቶ ከዚህ መብት አልወጣም። ብዙ ሠራተኞች በሕመማቸው ሰሞን ሳይናገሩ በመቅረታቸው «ከሥራ ገበታው ጠፋ» ተብለው ይሰናበታሉ፤ ቤተሰቡ በቶሎ ቢያሳውቅ ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ስለሆነ የመሥሪያ ቤታቸውን የሰው ሀብት ክፍል ሊጠይቁ ይገባል።

ሕመሙ ሲያገረሽ

ሥራ ላይ መቆየት ማለት ዳግመኛ አለመታመም ማለት አይደለም፤ ሲያገረሽ ቶሎ አይቶ ሥራው ሳይጠፋ መመለስ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚታዩት ምልክቶች እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መራቅ፣ ገላንና ልብስን መርሳት፣ መጠራጠር፣ ያልተለመደ ወጪ ማብዛት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት ወይም ለብቻ መነጋገር ናቸው። ታማሚው ደኅና በሆነ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ «እነዚህን ስታዩብኝ ለእገሌ ንገሩ፣ ወደዚህ ጤና ጣቢያ ውሰዱኝ፣ ለአሠሪዬ እንዲህ በሉ» ብሎ መስማማቱ ታላቅ ጥቅም አለው። ሰንሰለትና እግር ብረት ግን ሰውን ያቆስላሉ እንጂ ሕመምን አያቆሙም።

የመጀመሪያው መሄጃ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ጤና ጣቢያው ናቸው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ይልካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነትን በየዓመቱ ማሳደስ የሕክምናውን ወጪ ያቃልላል፤ ዕድሳቱ የሚያልፈው ታማሚ ባለበት ቤት ከሆነ ጉዳቱ ይበዛል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የተናገረ ሰው ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ይወሰዳል፤ እስከዚያውም ብቻውን አይተውም።

የመኸር ሥራ ጊዜውን ጠብቆ እንደሚመጣ ሁሉ የሰው አቅምም ከሕመም በኋላ በየደረጃው ይመለሳል። ዘንድሮ ዶሮ የጠበቀ ለከርሞ አረም ያርማል፤ በተከታዩ ዓመት ጥማዱን ይዞ ይወጣል። ለዚያ ቀን መሬቱ፣ የሥራ ገበታውና በደቦው መካከል ያለው ቦታ ሳይወሰድ ሊጠብቀው ይገባል።